የባትላሜራው ሳጥን

«እጅህን ሰብስብ፣ አባዬ» ትላለች ልጁ ከኋላው። «ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን እስካወርድ ምንም እንዳትነካ።»

ባትላሜራው ወደ ሳጥኑ የዘረጋውን እጁን ይሰበስባል። የተጨረማመተ የመኪና በር ሲያቃና አርባ ዓመት የኖረ እጅ ነው። ተሰብሰብ ተብሎ አያውቅም።

ዝናቡ አባርቷል። ጓሮው መሃል ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ራሱ ከላሜራ ቆርጦ የበየደው ሳጥን ተሰቅሏል፤ የውሃ ፓምፑ ሶኬትና ማብሪያ እሱ ውስጥ ነው። ከዚያው ምሰሶ እስከ ግንቡ የልብስ ማስጫ ሽቦ ተወጥሯል። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ እርጥብ አንሶላ ልታሰጣ ሽቦውን ስትይዝ ኮረንቲ ነዝሮ ወረወራት። አሁን የጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ታሻለች።

«ሲሊኮን ጨምሬበት እገላገለው ነበር እኮ» ይላታል። «ልጅቷን ከሥራ ማስጠራት ምን አመጣው?»

«ባለፈው ወርም ጨመርክበት። ኬክ አስመሰልከው እንጂ ምን ፈየደ?»

«ያ ለጥንቃቄ ነው። ያኔ መች ነዘረ?»

ሚስቱ እግሯን ወደ ደፉ ትሰበስባለች።

«የዛሬው ሦስተኛው ነው» ትላለች ልጅቱ ከውስጥ እየወጣች። በየሰው ቤት የመብራት መስመር መዘርጋት ሥራዋ ነው፤ የሥራ ቱታዋን እንኳ አላወለቀችም። «እማዬ የእጁን ሥራ አላጣጥልበትም ብላ፣ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ቆማ ስታሰጣ ከርማለች። ለኔም የነገረችኝ ዛሬ ነው።»

ሦስት ጊዜ። ባትላሜራው የሚስቱን እግር ያያል። ነጠላ ጫማው ለጭቃው መስሎት ነበር። አንድ ቀን በባዶ እግሯ ብትወጣ ኖሮ፣ ይልና ሐሳቡን ሳይጨርሰው ይተወዋል።

ልጅቱ ብሬከሩን በገዛ እጇ አውርዳ መጥታም አላመነችም። ቴስተሯን ምሰሶው ላይ ታሳርፋለች፤ ማስጫው ላይ፤ ሳጥኑ ላይ። ከዚያ ካቻቢቴውን ለአባቷ ታቀብለዋለች።

«በል ክፈተው። ባለቤቱ አንተ ነህ።»

የመጨረሻው ቡሎን ሲላላ ክዳኑ ይንሸራተትና አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ጫማው ላይ ይደፋበታል። ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሶኬቱ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

«ከየት ገባ? በየት በኩል?»

«በላይ። የመብራቱን ሽቦ በአናቱ ነው ያስገባኸው፤ ውሃ ደግሞ ሽቦ ተከትሎ መውረድ ይወዳል። ሲሊኮኑን ፀሐይ ሰንጥቆታል። የፀጉር ታህል ስንጥቅ ትበቃዋለች።»

«ታዲያ ለምን በታች አልፈሰሰም?»

ልጅቱ በአውራ ጣቷ የሳጥኑን ጥግ ቀስ ብላ ትዳብሳለች። «በየት በኩል ይፍሰስ? እንዲህ ያለ ብየዳ አይቼ አላውቅም፣ አባዬ። እውነቴን ነው። ጠብታ አያሳልፍም። ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ያፈስ ነበር።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ መለየት ያቅተዋል። ሁለቱንም ይቀበላል።

ከቦርሳዋ ግራጫ የፕላስቲክ ሳጥን ታወጣለች። ክዳኑ ዙሪያውን የጎማ ክር አለው። ባትላሜራው በጣቱ አንጓ ያንኳኳውና ከንፈሩን ያጣምማል።

«ይሄ እኮ ጆግ ነው።»

«ጆግ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ላሜራ ግን አንዴ ከነካው ራሱ ሽቦ ነው፤ ከሱ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ማስጫው። ጀርባውን እየው፤ 65 ይላል። ስድስቱ ለአቧራ፣ አምስቱ ለውሃ። ከየትም ቢረጭበት ይችለዋል።»

«እሷንም የሚችል ቁጥር አለው?» ይላል በአገጩ ወደ ሚስቱ እያሳየ።

«ለኔ የሚሆን ገና አልተሠራም» ትላለች ሚስቱ። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ልጅቱ የላሜራውን አውርዳ አዲሱን ሳጥን ምሰሶው ላይ ታስራለች። ሳታይ መዳፏን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ ባትላሜራው ፒንሳውን ያስቀምጥላታል። ትመልስለታለች፤ ካቻቢቴውን ይሰጣታል። ምን እንደምትፈልግ ሳትነግረው ያውቃል፣ የምትሠራው ግን አይገባውም። ሽቦውን በሳጥኑ ሥር ስታስገባው መጀመሪያ ወደ ታች ታንጠለጥለውና ሆድ ታወጣለታለች።

«እሱ ምንድነው? አባከንሽው።»

«ውሃው ሆዱ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ሽቅብ አይወጣም።»

ባትላሜራው የሽቦውን ሆድ ትኩር ብሎ ያያል። ይህን ያህል ጊዜ ከውሃ ጋር ሲጣላ፣ ውሃ ሽቅብ አለመውጣቱን አስቦት አያውቅም።

ቀጥላ ከሳጥኑ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ አድርጋ ትበሳለች።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ እንዳይገባ ያመጣሽውን?»

«ጤዛም ቢሆን ገብቶ ይጠራቀማል። ውሃ መግቢያ አያጣም፣ አባዬ። መውጫ ነው የሚያጣው።»

ከምሰሶው ሥር ወፍራም ዘንግ መሬት ውስጥ ትቀብርና ምሰሶውን በሽቦ ከሱ ጋር ታገናኘዋለች። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አዲስ ብሬከር አለ፤ ኮረንቲ ወደ ሰው ካመለጠ፣ ልብ አንዴ መትታ ሳትጨርስ የሚቆርጥ ነው። በላዩ ያለችውን መሞከሪያ ስትጫናት ቀጭ ብሎ ይወድቃል። ታነሳዋለች። ደግማ ትጫናታለች፤ ይወድቃል። ባትላሜራው በልቡ፣ ይህቺን ልጅ ጋራዥ ቢያገኛት ምክትሉ ያደርጋት እንደነበር ያስባል። ከዚያ ያርመዋል፤ ምክትሏ ይሆን ነበር።

ኮረንቲው ይለቀቃል፤ ፓምፑ ማንኮራፋት ይጀምራል። ልጅቱ ቴስተሯን ማስጫው ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ምንም የለም። ምሰሶው ላይም የለም።

«ሰላም ነው። ነይ እማዬ፣ አሰጪ።»

ሚስቱ አንሶላውን አቅፋ ትነሳለች። ሽቦው አጠገብ ስትደርስ ግን ክንዷ አልታዘዝ ይላታል፤ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ታጥፋለች።

ባትላሜራው ሁለቱን አልፏቸው ይሄዳል። ሽቦውን በሙሉ ጡጫው ይጨብጠዋል፤ ዓይኑን አይጨፍንም።

ሚስቱ እጁን ታየዋለች። ከዚያ አንሶላውን ከጡጫው ቀጥሎ መዘርጋት ትጀምራለች፣ ትራስ ልብሱን፣ ፎጣውን፣ የሱን ቱታ። የመጨረሻዋ ካልሲ እስክትሰቀል ባትላሜራው ሽቦውን አይለቅም።