የመክብብ የመጨረሻ ቃል

ዘጋቢው ዓለምሰገድ ከባሕር ማዶ ጦርነት በተመለሰ ቁጥር የዜና ተቋሙ እዚያ ያየውንና የሰማውን ከአእምሮው ቀድቶ ይወስድና ጠርጎ ያጠፋለታል። ዘጋቢዎች እንዳይታመሙ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። እሱም እንቅልፉን ጠግቦ ይተኛል፤ ከልጆቹ ጋር ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ወይዘሮ አልጣሽ ቤቱ መጡ። አብሮት ሄዶ እዚያው ሞቶ የቀረው የካሜራ ባለሙያው የመክብብ እናት ናቸው።

«በቴሌቪዥን አየኋችሁ ልጄ። ራሱን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፁን ግን ቆርጠው ጥለውታል። ምን አለህ?»

ዓለምሰገድ ውስጡን በረበረ፤ ባዶ ነው። ዓይናቸው አፉ ላይ ተተክሎ ሲጠብቅ ግን «አላስታውስም» ማለት አቃተው።

«‹እናቴን አደራ› አለኝ» አላቸው።

«መክብብ እናቴ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ።»

ዓለምሰገድ አቀረቀረ። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሡና ትከሻውን ዳበስ አደረጉት።

«አይዞህ ልጄ። አንተስ ምን ታደርግ?»

ድምፃቸው ተሰበረና ማልቀስ ጀመሩ። አብሯቸው ሊያለቅስ ፈለገ፤ የመክብብን ሞት ከሩቅ እንደሰማ ሰው ግን እንባው እምቢ አለው።