«አባትህን አየኸው?»

«እዚያ... ምን አየህ?»

ዓይኑን ሲገልጥ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ሁለተኛው ነው፤ የላይኛው ጥያቄ ኋላ ይመጣል።

«እንዴት ነህ?» የለ... «እንኳን ተረፍክ» የለ...

ጠያቂዋ ታላቅ እህቱ ናት። የሆስፒታሉን አልጋ ብረት ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ አፍ አፉን ታየዋለች።

ሰውየው በያጅ ነው። የበርና የመስኮት ብረት ይሠራል። ያን ቀን እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ሲበይድ፣ የተላጠ ገመድ ነካና ኤሌክትሪክ ያዘው።

ልቡ ቆመች።

ሐኪሞቹ ደረቱን ተጭነው ተጭነው... ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ተመለሰች።

ወሬው ቀድሞት ሰፈር ገባ። «ሞቶ የተነሳው» የሚል ስምም ወጣለት!

«ብርሃን አላየህም? መላእክት? መዝሙር ነገር አልሰማህም?» አለችው እህቱ። እንደ እናታቸው ክርስቲያን ናት።

«ምንም።»

«አስታውስ እስቲ!»

«እህቴ... ምንም አልኩሽ እኮ። ጨለማ እንኳን አልነበረም።»

ፊቷ ጠቆረ። «በቃ፣ ለንስሐ ነው የመለሰህ» ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

ከአልጋው ማዶ አጎታቸው ቆሟል። የሟች አባታቸው ወንድም ነው። እንደ አባታቸው ሙስሊም።

«አይዞህ የወንድሜ ልጅ» አለ። «በእኛ የመላእክቱ ጥያቄ ያለው ከቀብር በኋላ ነው። አንተ መች ተቀበርክና? ግን አሏህ በከንቱ አልመለሰህም። አስብበት።»

«ምን ማለትህ ነው?» እህት አፈጠጠች።

«ያልኩትን ነዋ!»

ተጀመረ...

አንዷ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። የሞተው እሱ፣ ሞትን የሚያውቁት እነሱ!

በመጨረሻ ነርሷ ገብታ «ሰውየው ገና አሁን መምጣቱ ነው፤ መልሳችሁ ልትልኩት ነው እንዴ?» ብላ ሁለቱንም አስወጣቻቸው።

በያጁ ጣሪያውን እያየ ቀረ። ለማን ይመስክር? የአንዱን ልብ ሊጠግን የሌላውን ሊሰብር? ደግሞስ ምን አይቶ?

ግን ዋናው ፈተና ቤት ነበር የሚጠብቀው...

እናቱ ታማለች። «ከእንግዲህ ቤት ሆና ትታመም» ተብላ ከሆስፒታል የተመለሰች ናት። ልጇ ሞቶ ሲነሳ እንኳ ከአልጋዋ ተነስታ ልታየው አልቻለችም።

እንደገባ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣች።

«በሩን ዝጋውና ና፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እጁን ያዘችው። እጇ ላባ ሆኗል።

«አባትህን አየኸው?»



እናትና አባቱ ሲጋቡ የሁለቱም ቤተሰብ አኩርፎ ነበር። እነሱ ግን ማንም ሳይለያያቸው አብረው አረጁ። አባትየው ቀልደኛ ነበር። «ገነትና ጀነት ጎረቤት ናቸው፤ አጥር ዘልዬ እመጣልሻለሁ» ይላት ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ግን የእሷም ወገን የእሱም ወገን «እዚያ አትገናኙም፣ እርምሽን አውጪ» አሏት። በምንም የማይስማሙት ሰዎች በዚህች ብቻ ተስማሙ!

በያጁ ለሁሉም እውነቱን ተናግሯል። ለእሷ ግን... አንደበቱ እንቢ አለው።

«አየሁት እማ።»

«እህ... ምን አለህ?»

«"እየጠበቅኳት ነው በላት" አለኝ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ።

እየሳቀች ነው!

«አንተ ውሸታም! አባትህ እኔን ጠብቆ ያውቃል? መንገድ ላይ ጥሎኝ እየሄደ "ቶሎ በይ እንጂ" የሚል ሰው!»

እሱም ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት።

«ምንም አላየሁም እማ... ይቅር በይኝ። ምንም የለም ማለቴ አይደለም... እኔ ግን አላየሁም።»

«ተወው። የማገኘውን ሄጄ አየዋለሁ።» ትንሽ አረፍ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ... ስትሄድ ፈርተህ ነበር?»

ዓይን ዓይኗን አየ።

«አልፈራሁም። ልክ እንደ እንቅልፍ ነው እማ። ሳታውቂው ይወስድሻል።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ... ይሄ ይበቃኛል።»

ከቀናት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እህት እየዘመረች፣ አጎት ጥግ ላይ ቆሞ በለሆሳስ እየጸለየ፣ እናት አረፈች።

ልትሄድ ስትል የበያጁን እጅ ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው። ፈርታ ይሁን፣ ልትሰናበተው ይሁን... እስከ ዛሬ አያውቅም። ማንንም ሊጠይቅ አይችልም።

አባትየው በከተማው አንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ተቀበሩ።

አሁን ከቤተሰቡ ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ...

ያን ቀን ኤሌክትሪኩ ሲይዘው በያጁ ጮኋል። «እማ! እማ ድረሽልኝ!» ነበር ያለው። አብሮት የሚሠራው ሰው ሰምቶታል። እሱም አልረሳውም። በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ከዚያ ዓለም ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር ያ ፍርሃት ብቻ ነው!

የመጀመሪያውን ውሸት ነቃችበት። ሁለተኛውን ግን አመነችው...

ወይም ደግሞ እናት ናትና፣ አውቃ አለፈችለት።

ወገኖቼ... ሁላችንም ስለዚያኛው ዓለም የምናምነው አለን። እምነታችንን አጥብቀን እንያዝ። ግን ሊሄድ የተቃረበ ሰው አልጋ ላይ ክርክር አንዘርጋ። የሚፈልገው የሚረታለት ሳይሆን እጁን የሚይዝለት ሰው ነው።

አደራ፣ እዚህ ስር ሃይማኖት ለሃይማኖት እንዳትነካኩ። የምጠይቃችሁ ይህን ብቻ ነው...

እናታችሁ እጃችሁን ይዛ «ፈርተህ ነበር?» ብትላችሁ... እናንተ ምን ትሏት ነበር?