በማህተም የታዘዘ ጤፍ

«ጤፉን አስቀድሚልኝ፤ አሣው ይቆይ» አለች ሸዋዓለም፣ ወረቀቱን በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት አሾልካ።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ መስከረም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። የመድኃኒት ማዘዣ ነው። የስኳር ክፍሉ ባለሙያ ፊርማ አለበት፤ ክብ ማህተምም አለበት። በመካከሉ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ የጤፍ እንጀራ፣ አሣ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን። ሩዝ ክልክል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ምክር ነው።»

«ምክርማ በአፍ ነው፤ ይሄ ማህተም ተመትቶበታል» አለችና የጤና መድን ደብተሯን ከወረቀቱ ጎን አኖረች። «መድኑን ስንገባ፣ ባለሙያ ያዘዘውን ሁሉ በነጻ ትወስዳላችሁ ብላችሁናል። ቄብ ዶሮዬን ሸጬ ነው የገባሁ። በይ ጤፉን።»

«ጤፍ የለንማ!»

«እንግዲያው ‹የለም› ብለሽ ጻፊበትና አንቺም ማህተምሽን ምቺ።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። በወር አንዴ፣ በዚችው ቀን የሚሰበሰብ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሸዋዓለም ወሩን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው ይኸንኑ ወረፋ ነው። ባለፈው የሳቁት በሷ ነበርና።

ያን ቀን ሰውመሆን የሚሉት ወጣት ባለሙያ እዚሁ በረንዳ ላይ ወገቧን በሜትር ጠምጥሞ ለካ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ጠራና፣ «እናቴ፣ ድሃ ነኝ ትያለሽ፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ስብ ከየት መጣ?» አላት። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። «ምን ልብላ ታዲያ?» ብትለው ከማዘዣው አንዱን ቦጨቀና ጻፈላት። ማህተም መምታት ነፍሱ ነው፤ እሱንም መታበት።

ሳቁ ከሷ ቀድሞ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል ገባ። ስትደርስ ስሟ «ሙክቷ» ሆኖ ጠበቃት። ውሃ ስትወርድ ሙክቷ፤ ሩዝ ስታርም ሙክቷ። በገዛ እህቷ ልጅ ሰርግ ላይ እንኳ አንዱ ተነስቶ፣ «ለሙክቷ የሁለት ሰው ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ዳሱን አሳቀባት። በዚያ ሰርግ እህል ሳትቀምስ ወጣች።

ያን ክልክል የተባለ ሩዝ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ የምታርመው፣ የምታጭደው እሷ ናት። ደህናው ፍሬ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ከመፈልፈያው ሥር የሚጠረገው ድቃቂ ለሷ ይቀራል። ሽንኩርቷም የላሟ ወተትም የወረታን ገበያ እንጂ የሷን ጉሮሮ አያውቁም። ከገበያ የሚመለስላት ያ የሚረጋ ዘይት ነው። ድቃቂና ዘይት፣ ጧት ማታ። ሆድ እንደሆን ይሞላሉ፤ በመሙላቱስ ማን ብሏቸው!

«ለኔም ይጻፍልኝ!» አለ ከወረፋው መሀል በላቸው፣ የቁሐሩ ጎረቤቷ። «የኔ በግ ቢሆን አልጠላም።»

ሙክት የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ሸዋዓለም ዞር አለች።

«አንተ ደሞ በግ ምን ያደርግልሃል? ሙክቷን ወሩን ሙሉ ስትግጣት ከርመህ የለ!»

በላቸው አንገቱን ሰበረ። ሰዉ አሁን በሱ ሳቀ። አንዱ ዕዳ ተከፈለ፣ አለች በሆዷ።

ጫጫታውን ሰምቶ ሰውመሆን ከክፍሉ ብቅ አለ። ምሳ ሊወጣ ኖሮ ምሳ ዕቃውን በብብቱ ሸጉጧል። ወረቀቱን አየና የራሱን ማህተም ሲያውቀው ፊቱ ቀላ።

«እናቴ፣ ከገበያ ይግዙት ማለቴ እኮ ነው።»

«የቱ ገበያ? ጤፉን ተወው፤ እስቲ አንዲት አሣ ገዝተህ አሳየኝ።»

«ሰው ካወቀበት፣» አለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እንደሚያነብ፣ «በትንሽ ብርም የተመጣጠነ ምግብ መመገብ ይችላል።»

«እኛ አላወቅንበትም፤ አንተ አሳየን። ያ ምንድን ነው ያቀፍከው?»

«ምሳዬ ነው።»

«ክፈተው።»

ምሳ ዕቃውን ወደ ነጭ ጋዋኑ ጠጋ አደረገው።

«ክፈተው እንጂ!» አለ በላቸው፣ ከሳቁ ለማምለጥ ቸኩሎ። «የሷን ወገብ ስትለካ አስፈቅደሃል?»

ሰውመሆን ዙሪያውን አየ። በረንዳው ላይ አንድ የሚያስጥለው ፊት አጣ። ክዳኑን አነሳው።

ሸዋዓለም ወሩን ሙሉ በሐሳቧ ስትከፍተው የኖረችው የሱ ገበታ የተጠበሰ አሣ ነበረው፤ እንቁላል፣ በቅቤ ያበደ ወጥ ነበረው። እዚህ ያለው ሩዝ ነው። ነጭ ድቃቂ ሩዝ፣ ዳር ዳሩን ዘይቱ ረግቶበት።

ወረፋው አንገቱን አስግጎ አየ።

«የወር መጨረሻ ነው» አለ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ደመወዝ አልወጣም።»

እዚህ ላይ መተው ትችል ነበር። ልጇ ይሆናል በዕድሜ። የሰርጉ ዳስ ሳቅ ግን ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

«ጮክ በል። የኔን ቁጥር ስትጠራ ድምፅ አላነሰህም።»

«ሩዝ ነው!»

«ብላዋ። የምሳ ሰዓትህ ነው።»

ማንም አልሳቀም። መስከረም መስኮቱን ልትዘጋው ጀምራ ተወችው። ሰውመሆን ማንኪያውን አወጣ፤ አንድ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ደገመ። አንዲት የሩዝ ፍሬ ከጺሙ ላይ ተጣብቃ ቀረች።

ሸዋዓለም እስኪጨርስ ቆማ ልታየው፣ እያንዳንዷን ማንኪያ ልትቆጥርበት ነበር ሐሳቧ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋት። ለደም ምርመራው ብላ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም። የዘይቱ ሽታ ደረሳት።

ሰው እንዳያያት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና ምራቋን ዋጠች።