የሰጪው ስም

ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሶ ለችግረኛ ቤተሰቦች በሚያድለው የቡታጅራ ማዕከል፣ ሠራተኛው ላፕቶፑን ገልብጦ ሲያራግፈው ከቁልፎቹ መሀል የገብስ ቆሎ ገለባ ረገፈ። ላፕቶፑን ይዛ የመጣችው ሴት ገለባውን በመሀረቧ ሰበሰበች፤ ሟች ባሏ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር የሚጽፈው።

ሠራተኛው አጽድቶና ፈትሾ ሲጨርስ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እናት ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለልጃቸው ሰጡ።

«የማን ነበር?» አሉ።

«የሰጪ ስም አንናገርም፣ እናቴ» አለ ሠራተኛው።

«ዱዓ ስም ይፈልጋል እኮ። ለኮምፒውተሩ ላድርግለት?»

ልጅቷ ሳቀች። ሴትየዋ ከቀብሩ ወዲህ የባሏን ስም በአፏ አንስታው አታውቅም ነበር።

«የኡበይድ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እናትየው መዳፎቻቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ኡበይድን በዕድሜ በጤና አቆይልን።»

ሴትየዋ አላረመቻቸውም። እንደ እሳቸው መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች።