የአፍናን ግራ እጅ

«መሐረብ አምጪና እሰሪያት አልኩሽ።»

«አላስርም።»

ዳይሬክተሩ አቶ ኑርሁሴን መነጽሩን አወለቀ... በዚህች የከሚሴ ትንሽ መዋለ ሕፃናት ውስጥ እምቢ ተብሎ አያውቅም።

መምህርቷ ሚስ ሙሚና ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ይታሰር የተባለው የአፍናን ግራ እጅ ነው።

አፍናን አምስት ዓመቷ ነው... ግራኝ ናት።

አባቷ ቃሲም ከብት ነጋዴ ነው። ዛሬ ጨፋ ሮቢት ገበያ፣ ነገ ባቲ ገበያ... ትምህርት ቤቱን የረገጠው አንዴ ብቻ ነው። እሱም «ቀኟን እስክትለምድ ግራዋን እሰሩልኝ» ለማለት።

እርሳስ በቀኝ እጇ ሲያስይዟት ታለቅሳለች። በግራዋ ስትይዝ ዳይሬክተሩ ይቀጣታል።

በመጨረሻ እርሳስ መያዝ ጭራሽ ተወች... ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ስር ከታ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ሙሚና ይህን ማየት አንገሸገሻት።

አንድ ቀን ከግቢው የማንጎ ቅጠል ለቅማ ክፍል ገባች።

«ዛሬ ፊደል የለም» አለች። «ቅጠሉን በጀርባው ገልብጡት፣ ወረቀት አልብሱት፣ ክራዮኑን አጋድማችሁ ቀስ እያላችሁ እሹት።»

ልጆቹ ማሸት ጀመሩ... ባዶው ወረቀት ላይ የቅጠሉ ደም ስር አንድ በአንድ ብቅ አለ።

አፍናን አየች... አየች...

ከዚያ ግራ እጇን ከጭኗ ስር አወጣችና አረንጓዴ ክራዮን አነሳች።

በማግስቱ ሙሚና ነጭ ክራዮን አደለቻቸው። በነጭ ወረቀት ላይ ሳሉ... ምንም አይታይም። በላዩ ላይ በውሃ የቀጠነ ሰማያዊ ቀለም ሲቀቡበት ግን የክራዮኑ ሰም ውሃውን እምቢ አለና ስዕሉ ፍንትው ብሎ ወጣ።

የአፍናን ስዕል ግመል ነበር። አንገቱ ከወረቀቱ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የተሰማችው ያን ቀን ነው።

ዳይሬክተሩም በበሩ ሲያልፍ ክራዮኑን በየትኛው እጇ እንደያዘች ያየው ያን ቀን ነው።

«እንግዲያው ወላጆች ይፍረዱብሽ» አላት ሙሚናን።

ኮንትራቷ የሚታደስበት ሰሞን ነበር። ባልደረቦቿ «ይቅርታ ጠይቂውና ይለፍ» ቢሏትም አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች መጡ... በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ቃሲምም መጣ። ፊቱ ጥቁር ብሏል።

«ሚስ፣ እኔ ልጄን የላክሁት በግራዋ ቅጠል እንድትቀባ ነው?» አለ።

ሙሚና ለእያንዳንዱ ወላጅ ቅጠል፣ ወረቀትና ክራዮን አስቀመጠች።

«ይሄ ምን ጨዋታ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ልጆቹ የሠሩት ነው። ወላጆቹም ከመፍረዳቸው በፊት ይሞክሩት።»

ቃሲም እጁን አጣጥፎ ቀረ። አፍናን ግን ቅጠሉን ራሷ ገልብጣ ወረቀቱን አለበሰችለት።

«አባ፣ በል እሸው።»

ለልጁ ብሎ ክራዮኑን በቀኝ እጁ ያዘ። ወረቀቱ ተንሸራተተ... ደግሞ ያዘው... ጫፉ ተቀደደ።

ሦስተኛው ላይ ሳያስበው ክራዮኑን ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

ቅጠሉ ደም ስር በደም ስር ወጣ... ያለ ምንም ግድፈት።



አፍናን ቀና ብላ አየችው።

«አባ... አንተም?»

ቃሲም እጁን ኪሱ ውስጥ ሊደብቅ ሞከረ። ዘግይቷል። ሰው ሁሉ አይቶታል።

«እኔን ያሰሩኝ በገመድ ነው» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ከዴስኩ ጋር... ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ ጠፍቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስሜን አልጽፍም። እሷ እንደኔ ሳትገረፍ ቶሎ ትልመድ ብዬ ነው... ወላሂ ለክፋት አይደለም።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም... በግራ መልመድ ነውር ነው።»

ይሄኔ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡት ባልቴቷ አዴ ዘይቱና ከኋላ ተናገሩ።

«ምግቧን በቀኟ ትብላ፤ እሱን እኛ ቤት እናስተምራለን። ስዕል በግራ ሐራም ነው ያለህ ማነው?»

ዳይሬክተሩ ወደ ሙሚና ዞረ።

«ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ይደርስሻል።»

«ይድረሰኝ» አለች። «ሰኞም ግን አላስርም።»

ቃሲም ከትንሿ ወንበር ተነሳ።

«ለእሷ ደብዳቤ ስትጽፍ የልጄንም መልቀቂያ አብረህ ጻፍ። ሚስ የሄደችበት ትሄዳለች።»

«የእኛንም» አሉ አዴ ዘይቱና።

ከዚያ ሌላው ወላጅ... ከዚያ ሌላው...

ደብዳቤው አልመጣም። ዳይሬክተሩ ይቅርታም አልጠየቀም፤ እስካሁን ሙሚናን ሲያያት ፊቱን ያዞራል። እሷም ግድ አልሰጣት። አፍናን ዛሬ «ሀ»ን በግራዋ ትጽፋለች... ጎኑ ትንሽ ቢወላገድም «ሀ» ነው።

በቀደም ሙሚና ወረቀት ልትገዛ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገብታ ተራ ስትጠብቅ ከፊቷ የቆመውን ሰው በድምፁ አወቀችው። ቃሲም ነው... ከባቲ መመለሱ፣ ጫማው አቧራ እንደለበሰ።

«ሁለት ፓኬት ክራዮን ስጠኝ» አለ።

ባለሱቁ ያውቀዋል። «ያለችህ አንድ ልጅ አይደለች እንዴ? ሁለቱ ለማን ነው?»

ቃሲም በግራ እጁ ሂሳቡን አውጥቶ ቆጠረ። አሁን ግን እጁን አልደበቀም።

«አንዱ የእኔ ነው» አለ። «ማታ ማታ ልጄ እያስተማረችኝ ነው።»

ወዳጆቼ... በልጅነታችን የታሰርንበትን ገመድ ለልጆቻችን «ለእነሱ ብለን» እናወርሳቸዋለን። ፍቅር ይመስለናል... ያሰረንን ፍርሃት ነው የምናቀብላቸው። አንድ ሰው «አላስርም» ብሎ መቆም አለበት። ያ ሰው እኛ ብንሆንስ?

እናንተስ በልጅነታችሁ «ተዉ፣ ነውር ነው» ተብላችሁ የተዋችሁት፣ ዛሬም ሆዳችሁ ውስጥ ያለ ነገር ምንድነው? ከስር ጻፉት... ቁጭ ብዬ አነባለሁ።