ሽማግሌ የጫነችው ኮሮላ

ዳምጤ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ደግሞ ያዞራል። ጠቅ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎቹ፣ ሀጂ ሚስባህና ቄስ ገብረ ማርያም፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ከአቶ አግማስ ግቢ መውጣታቸው ነው። ልጃቸውን ጽናትን ለዳምጤ ጠይቀው፣ አባትየው እንደ ወጉ ፊታቸውን ሳይፈቱ «እንመካከርበት፤ ከወር በኋላ ተመለሱ» ብለዋቸዋል። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ዳምጤ በኮምቦልቻ ሙቀት መኪና ውስጥ ሲቀቀል ቆይቷል። ለዚህ ነው እንግዲህ፣ ሌላ አንድ ወር ሊጠብቅ!

ኮሮላዋ ከታመመች ሰንብታለች። ስትነሳ ታቃስታለች፣ መብራቷ ይፈዛል፣ ክላክሷ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። የባትሪው ነገር እንዳበቃለት ዳምጤ አጥቶት አይደለም። ግን ደሴ ለሚያድር ሰው ምን ጭንቅ አለ? ሆጤ ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ ያቆማታል፤ ጠዋት ፍሬኑን ሲለቅላት ተንደርድራ ትነሳለች። ኮምቦልቻ ሜዳ መሆኗን ግን ጭራሽ ረስቶታል።

«ወርዳችሁ ትንሽ ብትገፉልኝ...» ይላል አንገቱን ደፍቶ።

«ወላሂ፣ በሰባ ዓመቴ መኪና ያለ ረዳት አልገፋም!» ሀጂ ሚስባህ ወርደው የግቢውን በር ያንኳኳሉ። አቶ አግማስ ብቅ ይላሉ።

«ምነው፣ ተመለሳችሁ?»

«ተመለሱ ብለውን የለ? ይኸው ተመለስን» ይላሉ ሀጂ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። «ወሩን ብቻ ትንሽ አሳጠርነው።»

አቶ አግማስ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ወደ ኮሮላዋ ቀርበው ጆሯቸውን ይጥላሉ። «አዙራት እስኪ።»

ጠቅ።

«ባትሪ ነው። ከመቼ ጀምሮ?»

ዛሬ ነው የጀመራት ቢል ማን ያውቅበታል? ግን የጽናት አባት ናቸው፤ አፉ እምቢ ይለዋል።

«ከፋሲካ ጀምሮ፣ ጋሼ። ቁልቁለት ላይ እያቆምኩ ሳታልላት ከረምኩ።»

ዳምጤ በቃ፣ ጽናትን አጣኋት ብሎ ሲያስብ ሰውየው በሳቅ ይፈርሳሉ።

«እኔም ደሴ ሳለሁ ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ነድቻለሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ አንተ እንኳ አልደበቅህም።» ኮታቸውን አውልቀው ወደ ግቢው ይጣራሉ። «ጽናት! ነይ ግፊ!»

ጽናት ከበሩ ጀርባ ሆና ስትሰማ ኖሮ፣ ሁለቴ መጠራት አላስፈለጋትም። ዳምጤ በመስታወቱ ያያታል፤ ከአባቷና ከሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ገብታ እየሳቀች ትገፋለች። ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ኮሮላዋ አስላ፣ ተንገጫግጫ ትነሳለች።

«እንዳታጠፋት!» ይጮኻሉ አቶ አግማስ ከኋላ። «ለሰርጉ ግን አዲስ ባትሪ!»

ለሰርጉ! ዳምጤ ቃሏን ደግሞ ደጋግሞ ይላታል። ከዚያ ሙሽራ እንደጫነ ሰው ክላክሱን ተጭኖ አልለቅም ይላል። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ብቅ ብቅ ይላል።