ዝም ያለችው ሰዓት

ሰዓቷን ከምዕራብ ዓባያ ይዘው የመጡት እማማ በለጥሽ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል። የመርከብ መካኒክ የነበሩት ሟች ባላቸው ከባሕር ማዶ የገዟት ይህች የእጅ ሰዓት በጎኗ ያለችውን ትንሽ ምላስ ሲስቧት ስንት ሰዓት እንደሆነ በደወል ትናገራለች። እማማ በለጥሽ በእያንዳንዱ ምት አንድ አንድ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ዓመታት እንዲህ ሲኖሩ ድንገት ደወሉ ቆመ።

"እሷ ከዘጋች ወዲህ ቀኔም ሌሊቴም አንድ ሆነብኝ። አደራ ልጄ" አሉት ሰዓት ሠሪውን ባፈናን።

ባፈና ሲቀላ በሚባለው ገበያ አጠገብ ሰዓት ሲያድስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሰዓት ሳይከፍት በጆሮው ብቻ ሕመሟን ያውቃል ተብሎ ይወራለታል፤ እሱም ወሬውን አይጠላውም። እርግጥ የዘንድሮ ሰዓቶች ድምፅ የላቸውም፤ አሠራራቸው ተበላሽቷል ይላል።

ይህችን ሲከፍት ግን ወደ ብርሃን አስጠጋት። እያንዳንዷ ጥርስ በእጅ የተሞረደች፣ እያንዳንዷ ብሎን እንደ መስታወት የተወለወለች ነበረች። ዙሪያውን ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል። ሁለት ትንንሽ መዶሻዎች እነሱን ሲመቱ ነው ደወሉ የሚሰማው። ሽቦዎቹን የሠራው ሰው በእሳት እያጋለ፣ በሞረድ እየነካካ፣ ድምፃቸው እስኪጠራ ስንት ቀን እንደደከመባቸው ባፈና ገባው። በአገሩ ምትክ የላቸውም።

የደረቀውን ዘይት አጥቦ፣ ገጣጥሞ ሲጨርስ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ደወሏን ሳይሞክር ሱቁን ለካሱ ትቶ ወጣ። ካሱ አብሮት የሚሠራ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የልጁ የቤተል ባል ሊሆን ነው።

መንገድ ሲያቋርጥ አንድ ባጃጅ ጡሩምባ እንኳ ሳይነፋ ሊገጨው ሲል ለጥቂት ተረፈ። ሹፌሩ ጭራሽ ራሱ እጁን እያወናጨፈ ተቆጣ። ባፈና የዘመኑን ልጆች እየረገመ አለፈ።

ሲመለስ ካሱ ፊቱ በርቶ ጠበቀው። "ጋሼ፣ ሞከርኳት እኮ! እንዴት ያለ ድምፅ አላት መሰለዎት!" አለና ዕቃ ሊገዛ ወጣ።

ባፈና በሩን ዘግቶ ምላሷን ሳባት። መዶሻዎቹ ተነሥተው መቱ። ድምፅ የለም። ደግሞ ሳባት። መዶሻዎቹ ሽቦዎቹን ደህና አድርገው ይመታሉ፤ ሽቦዎቹ ግን ጭጭ።

መዶሻው እየመታ ሽቦው ካልጮኸ ነገሩ አንድ ነው፤ ሽቦው ተለውጧል። ተራ ሽቦ ቢገባ በዓይን አይለይም። እሱ ከወጣ በኋላ የነካት ደግሞ ካሱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የጥንት ሰዓት ዕቃ የሚፈልግ ደላላ ያውቃል። ሰሞኑን ደግሞ ባፈና ሲገባ ስልክ እያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልጄን ልሰጥ የነበረው ለዚህ ሰው ነው ብሎ ሰዓቷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት።

ማታ ቤተልን ጠየቃት። ልጅቱ ከታጨች ወዲህ በአፏ ውስጥ ማጉተምተም ለምዳለች፤ ከመለሰችለት ግማሹን እንኳ አልያዘውም።

"የደበቃችሁኝ ነገር አለ!" ብሎ ጮኸባት። ቤተል አለቀሰች።

ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ያለው ዋርካ በወፍ ተሞልቶ ነበር፤ አንዷም አትንጫጫም። ሙቀቱ ነው አለ በልቡ። እማማ በለጥሽ በቀጠሯቸው መጡ። ሊያጋባቸው የነበረውን መጋቢም ባፈና ራሱ አስጠርቶታል። ቤተል በሩን ተደግፋ ቆመች።

"መጋቢ፣ የቅዳሜው ሠርግ ቀርቷል" አለ ባፈና። "ይህ ሰው የእናታችንን ሰዓት ሆድ ዕቃ ሰርቆ ሸጧል።"

ካሱ ደነገጠ። "ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! አንዴ ይስጡኝና እኔው ላሰማዎት!"

"አንተማ ዳግመኛ አትነካትም! ዛሬውኑ ፖሊስ ነው የሚያናግርህ።"

"አባዬ…" አለች ቤተል። የቀረውን ባፈና አልያዘውም።

እማማ በለጥሽ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። "ልጄ፣ ሰው ከመወንጀልህ በፊት እስቲ ሳባት" አሉ።

ባፈና የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ሰዓቷን ከሁሉም ፊት ከፍ አድርጎ ያዘና ምላሷን ሳባት። መዶሻዎቹ ተነሡ። ዓይኑን ከካሱ ፊት ላይ አልነቀለም፤ እፍረቱን ማየት ፈልጎ ነበር።

"አያችሁ?" አለ። "እንደ ድንጋይ ዝም!"

ቤተል አፏን በእጇ ያዘች። መጋቢው ቀና ብሎ አየው። ባፈና ግራ ገብቶት ቢያንስ የሰዓቷ ባለቤት እንዲመሰክሩለት ወደ እማማ በለጥሽ ዞረ።

አሮጊቷ ፈገግ ብለው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ይቆጥሩ ነበር።